ቁልፍ ያለው ሁሉ የተቆለፈ አይደለም

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2017 አሌክሳንደር ፖፖቭ የተባሉ ሩሲያዊ የደህንነት ተመራማሪ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያገኙትን አንድ ስህተት ለሕዝብ ይፋ አደረጉ፡፡ ስህተቱ ሲቪኢ-2017-2636 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠው ሲሆን፣ የተገኘውም ኤን-ኤችዲኤልሲ በሚባል፣ አብዛኛው የኮምፒዩተር ባለሙያ እንኳ ስሙን ሰምቶ በማያውቀው ድራይቨር ውስጥ ነው፡፡ ወደ ኋላ ተሄዶ ሲጣራ ስህተቱን ይዞ የገባው እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2009 የተጻፈ አንድ ፓች ሆኖ ተገኘ፡፡ በመካከሉ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አልፏል ማለት ነው፡፡ በእነዚህ ዓመታት ድራይቨሩን ይዘው በሚመጡት በሬድሃት፣ በፌዶራ፣ በሱሴ፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የሚሠራ አንድ ተራ ተጠቃሚ፣ ዘዴውን ቢያውቅ ኖሮ፣ ራሱን «ሩት» ወደሚባለው የሙሉ ሥልጣን ባለቤትነት ማሳደግ ይችል ነበር፡፡

ነገሩን ለፕሮግራመሮችም ሆነ የፕሮግራመሮችን ሥራ ለሚቆጣጠሩ ኃላፊዎች ትኩረት የሚስብ የሚያደርገው የጉዳቱ መጠን ብቻ አይደለም፡፡ የ2009ኙ ፓች በግዴለሽነት የተጻፈ አልነበረም፡፡ የጋራ መረጃን ከመንካቱ በፊት ቁልፍ ይይዛል፣ ሲጨርስም ይለቃል፡፡ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ጥንቃቄ ያልጎደለው ሥራ ነው፡፡ ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው? ፓቹን የሚያይ ፈታሽስ ምን ብሎ ቢጠይቅ ነበር የሚያገኘው?

በቅድሚያ ጥቂት ስለ ቃላቱ፡፡ ከርነል ማለት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ሜሞሪን፣ ፕሮሰሰርንና ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው እሱ ነው፡፡ በብዙዎቻችን ኪስ የሚገኘው የአንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው፡፡ ድራይቨር ደግሞ ከርነሉ ከአንድ ዓይነት መሣሪያ ወይም የመገናኛ ዘዴ ጋር የሚነጋገርበት የኮድ ክፍል ነው፡፡ ድራይቨር በከርነሉ ሥልጣን የሚሠራ በመሆኑ አንድ ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት የሚወድቀው ፕሮግራሙ ብቻ ሲሆን፣ ድራይቨር ሲሳሳት ግን መላው ሲስተም አደጋ ላይ ይወድቃል፡፡

ፓች የሚባለው በኮዱ ላይ እንዲደረግ የሚፈለገውን ለውጥ ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው፡፡ የሚጨመሩት መስመሮች የመደመር ምልክት፣ የሚወጡት ደግሞ የመቀነስ ምልክት ይደረግባቸዋል፡፡ ለውጡ የቱ ጋ እንደሆነ እንዲታወቅም አብዛኛውን ጊዜ ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ነባር መስመሮች አብረው ይታያሉ፡፡ በሊኑክስ አሠራር ፓቹ በኢሜይል ለክፍሉ ኃላፊዎች ይላካል፤ እነሱም ሆኑ ሌሎች አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ፤ የፈተሸው ሰው ስሙን ያኖርበታል፡፡ (ፍተሻ ያልነው «ግምገማ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤቶቻችን ሌላ ትዝታ ስለሚቀሰቅስ ነው፡፡ እዚህ የሚፈተሸው ኮዱ እንጂ ሰውየው አይደለም፡፡) እነዚያን ሦስት መስመሮች አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን፡፡

ወደ ዋናው ነገር ስንገባ፣ ከርነሉ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት የመረጃ አደረጃጀቶች አንዱ ሊንክድ ሊስት የሚባለው ነው፡፡ ለአገራችን አንባቢ ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም፡፡ በቀበሌም ሆነ በጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው «መጨረሻው ማነው?» ብሎ ይጠይቅና የሚቀድመውን ሰው ለይቶ ይቀመጣል፡፡ ቁጥር የለም፣ መዝገብ የለም፣ ቀጥ ያለ ሰልፍም የለም፡፡ አንዱ በመስኮቱ ሥር፣ ሌላው በረንዳ ላይ ሊሆን ይችላል፡፡ ሰልፉ ያለው እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ያለውን በማወቁ ብቻ ነው፡፡ ሊንክድ ሊስትም እንዲሁ ነው፤ በሜሞሪ ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ ቁራጮች እያንዳንዳቸው የጎረቤታቸውን አድራሻ በመያዝ ይያያዛሉ፡፡ ይህን አድራሻ ፖይንተር ወይም ጠቋሚ ይሉታል፡፡

የዚህ ዓይነቱ ሰልፍ ችግርም የታወቀ ነው፡፡ ከመሐል አንዷ ሴትዮ ለማንም ሳትናገር ወደ ቤቷ ብትሄድ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሰው «እኔ ከእሳቸው ቀጥሎ ነበርኩ» እያለ ባዶ ወንበር ሲያሳይ ይውላል፡፡ ይባስ ብሎ በወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ከሆነ፣ ያ የማይመለከተው ሰው እንደ ወረፋ ባለተራ ይቆጠራል፡፡ ከርነሉም ውስጥ የተለቀቀ ሜሞሪ ወዲያው ለሌላ ሥራ ይሰጣልና፣ አሮጌውን አድራሻ ይዞ የቀረ ኮድ የሚያገኘው የማያውቀውን እንግዳ ነው፡፡ አጥቂዎች የሚፈልጉት ይህችን ቀዳዳ ነው፤ እንግዳው እነሱ የመረጡት እንዲሆን ያደርጋሉ፡፡

ዘመናዊ ኮምፒዩተር ብዙ ፕሮሰሰሮች ስላሉት ሁለት ሥራዎች ያንኑ ዝርዝር በአንድ ቅጽበት ሊነኩት ይችላሉ፡፡ ይህን ለመከላከል ሎክ የሚባል ቁልፍ አለ፤ ዝርዝሩን የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን ይይዛል፣ ሌላው እስኪለቅለት ይጠብቃል፡፡ ዳሩ ግን ቁልፉ በራሱ ማንንም አያግድም፡፡ ቁልፉን ከመረጃው ጋር የሚያስተሳስረው የኮዱ ጸሐፊዎች ስምምነት እንጂ የኮምፒዩተሩ ሕግ አይደለም፡፡ አንዱ ፊት ለፊት ያለውን በር ቆልፎ ሲሠራ፣ ሌላው በጓሮ በር እየገባ ከሆነ የፊተኛው ቁልፍ ጌጥ ነው፡፡

ኤን-ኤችዲኤልሲ ድራይቨር በሲሪያል መስመር ላይ መረጃን በጥቅል በጥቅል ለመላክ የሚያገለግል ነው፡፡ በውስጡ ባፈር የሚባሉ የመረጃ መያዣዎች አሉት፡፡ ባፈሮቹ የሚመላለሱት በዋናነት በሁለት ዝርዝሮች መካከል ነው፡፡ አንደኛው መረጃ ይዘው ለመላክ የሚጠባበቁት የሚሰለፉበት፣ ሁለተኛው ሥራቸውን ጨርሰው ባዶ የሆኑት የሚቀመጡበት ነው፡፡ እያንዳንዱ ዝርዝር የራሱ ቁልፍ አለው፤ ከዝርዝሩ ባፈር የሚያወጣውም ሆነ የሚጨምረው ኮድ ቁልፉን በአግባቡ ይይዛል፡፡ እስከዚህ ድረስ እንከን አይወጣለትም፡፡

አስቸጋሪው ከሁለቱ ዝርዝሮች ውጪ ያለው ባፈር ነው፡፡ የላኪው ኮድ አንዱን ባፈር ከተራ አውጥቶ ወደ መሣሪያው ሲያቀርበው መሣሪያው «ለጊዜው አልቀበልም» ሊል ይችላል፡፡ በዚህን ጊዜ ባፈሩ ወደ ተራው አይመለስም ነበር፤ «ቲባፍ» በሚባል አንድ ጠቋሚ ተይዞ ለብቻው ይቆያል፡፡ በሚቀጥለው ሙከራ ላኪው በቅድሚያ ቲባፍን አይቶ ከዚያ ይጀምራል፡፡ ቲባፍን የሚነካው ላኪው ብቻ እስከሆነ ድረስ ይህ አሠራር ጉዳት አልነበረውም፡፡ ላኪው በራሱ ላይ ተደርቦ እንዳይገባ «ቲቢዚ» የምትባል ምልክት ነበረችው፤ ሥራ ሲጀምር ያነሳታል፣ ሲጨርስ ያወርዳታል፡፡ በር ላይ እንደሚንጠለጠል «ሥራ ላይ ነን» የሚል ማስታወቂያ መሆኑ ነው፡፡

የ2009ኙ ፓች አዲስ ነገር አመጣ፡፡ ተጠቃሚው «እስካሁን ያልተላከውን ሁሉ ሰርዝ» ብሎ ማዘዝ እንዲችል የሚያደርግ የማጽጃ ኮድ ጨመረ፡፡ ዓላማው ተገቢ ነው፣ ሲሪያል መስመርን የሚጠቀም ሰው የሚፈልገው አገልግሎት ነው፡፡ ማጽጃው በተራ ያሉትን ባፈሮች አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ባዶዎቹ ዝርዝር ያዛውራል፡፡ ከዚያም የተላኪዎቹን ዝርዝር ቁልፍ ይይዝና ቲባፍን ያያል፤ እዚያም የቀረ ባፈር ካለ እሱንም ወደ ባዶዎቹ ይልክና ቲባፍን ባዶ ያደርጋል፡፡ ቁልፉን ይለቃል፡፡

የማጽጃውን ኮድ ብቻ ያነበበ ሰው ስህተት አያገኝም፤ ቁልፉ አለ፡፡ ላኪው ግን ያንኑ ቁልፍ የሚይዘው ቲቢዚን ለማንሳትና ለማውረድ ብቻ ነበር፡፡ ቲባፍን የሚያነበውም ሆነ የሚቀይረው ቁልፉን ከለቀቀ በኋላ ነው፡፡ ማጽጃው በበኩሉ ቲቢዚን አይመለከትም፡፡ አንደኛው በቁልፍ ይተማመናል፣ ሌላኛው በማስታወቂያ፤ አንዱ የሌላውን አያከብርም፡፡

ከዚህ የሚከተለውን በቅደም ተከተል እንየው፡፡ ላኪው በአንደኛው ፕሮሰሰር ላይ የቲባፍን አድራሻ አንብቦ ባፈሩን ለመሣሪያው ማቀበል ይጀምራል፡፡ በዚህች ቅጽበት ማጽጃው በሌላ ፕሮሰሰር ላይ ቁልፉን ይዞ ይገባል፣ ቲባፍ ባዶ አለመሆኑን ያያል፣ ባፈሩን ወደ ባዶዎቹ ዝርዝር ይልከዋል፣ ይወጣል፡፡ ላኪው ይህን ሁሉ አያውቅም፡፡ መሣሪያው «ተቀብያለሁ» ሲለው እሱም በእጁ የያዘውን ያንኑ ባፈር ወደ ባዶዎቹ ዝርዝር ይልከዋል፡፡ አንድ ባፈር በአንድ ዝርዝር ሁለት ጊዜ ተመዘገበ ማለት ነው፡፡ ለጊዜው ምንም ላይታይ ይችላል፡፡ ጣጣው የሚመጣው ግንኙነቱ ሲዘጋና ከርነሉ ባፈሮቹን አንድ በአንድ ሲያስለቅቅ ነው፡፡ ያው ሜሞሪ ሁለት ጊዜ ይለቀቃል፡፡ ከመጀመሪያው መለቀቅ በኋላ ቦታው ለሌላ የከርነል ሥራ ተሰጥቶ ከሆነ፣ ሁለተኛው መለቀቅ ቦታውን ከአዲሱ ባለቤት ሥር ይነጥቀዋል፡፡

«እንዲህ ያለ አጋጣሚ በሚሊዮን አንዴ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ብዙ ፕሮግራመሮችም በዚህ ይጽናናሉ፡፡ ይሁንና አጥቂ አጋጣሚን አይጠብቅም፣ ያመቻቻል፡፡ ፖፖቭ እንዳሳዩት መሣሪያውን «አትቀበል» ማሰኘት ለተራ ተጠቃሚ የተፈቀደ ነገር ነው፡፡ የተርሚናሉን ፍሰት እንዲቆም ማዘዝ፣ አንድ መልእክት መጻፍ፣ መልእክቱ ቲባፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ሁለት ሥራዎችን በሁለት ፕሮሰሰሮች ላይ እኩል ማስነሳት ብቻ ይበቃል፤ አንዱ «ቀጥል» ይላል፣ ሌላው «አጽዳ» ይላል፡፡ ካልተሳካ ይደገማል፡፡ ኮምፒዩተር ደግሞ መደጋገም አይሰለቸውም፡፡ ድራይቨሩ የሚያስፈልገው ካርድ በኮምፒዩተሩ ላይ አለመኖሩም አያድንም ነበር፤ ተራ ተጠቃሚ ምናባዊ ተርሚናል ከፍቶ ሲጠራው ከርነሉ ራሱ ድራይቨሩን ይጭንለት ነበርና፡፡

አሁን ወደ ሦስቱ መስመሮች እንመለስ፡፡ ማጽጃውን የጨመረው ለውጥ የሚያሳየው ማጽጃውን ነው፡፡ ላኪው የሚሠራው ስህተት የሚታየው ግን በነባሩ ኮድ ውስጥ ነው፡፡ የተለወጠውን ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው የተያዘውን ቁልፍ አይቶ ያልፋል፤ ያልተያዘው ቁልፍ በወረቀቱ ላይ የለምና፡፡ በእኛ አስተያየት የጋራ ዝርዝርን በሚነካ ፓች ላይ ትልቁ የፍተሻ ድክመት ይህ ነው፡፡ የተጨመረው መስመር ትክክል መሆኑ ይጣራል፤ ትናንት ትክክል የነበረው መስመር በተጨማሪው ምክንያት ዛሬም ትክክል መሆኑ ግን አይጣራም፡፡ የላኪው ኮድ እስከ 2009 ድረስ በዚህ ረገድ ጤነኛ ነበር፡፡ አንድም ፊደል ሳይለወጥበት ስህተተኛ የሆነው ከጎኑ ሌላ ነካሽ ስለመጣበት ነው፡፡

ስለዚህ ፈታሹ የመጀመሪያ ሥራው ከፓቹ መውጣት ነው፡፡ ፓቹ የሚነካውን እያንዳንዱን የጋራ ነገር፣ ዝርዝርም ይሁን ነጠላ ጠቋሚ፣ በመላው ፋይል ውስጥ ፈልጎ ማን ያነበዋል፣ ማን ይለውጠዋል፣ እያንዳንዱስ በዚያን ጊዜ የትኛውን ቁልፍ ይዟል ብሎ መጻፍ አለበት፡፡ በኤን-ኤችዲኤልሲ ጉዳይ «ቲባፍ» የሚለውን ስም በፋይሉ ውስጥ ፈልጎ ማየት ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም ነበር፡፡ ቀጥሎ የሚመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ በማንኛውም ቅጽበት ይህ ባፈር የማን ነው? መልሱ «የዚህ ዝርዝር» ወይም «የዚህ ሥራ» ከሆነ ደህና፡፡ «እንደሁኔታው» ከሆነ ፓቹ ወደ ጸሐፊው መመለስ አለበት፡፡

ፖፖቭ ያቀረቡት ማስተካከያ ይህንኑ ጥያቄ የሚመልስ በመሆኑ ሊጠና የሚገባው ነው፡፡ ቀላሉ መንገድ ላኪውም ቁልፉን ይያዝ ማለት ይመስላል፡፡ ነገር ግን መሣሪያው መረጃ እየተቀበለ ሳለ መልሶ ላኪውን ሊጠራው ይችላል፤ ቲቢዚም የተፈጠረችው ለዚህ ነበር፡፡ ላኪው ቁልፉን እንደያዘ መሣሪያውን ቢጠራና መሣሪያው መልሶ እሱኑ ቢጠራው፣ ራሱ የያዘውን ቁልፍ ለዘለዓለም ሲጠብቅ ይኖራል፡፡ ስለሆነም ፖፖቭ ቁልፍ ከመጨመር ይልቅ ቲባፍን ከነጭራሹ አስወገዱት፡፡ መሣሪያው ያልተቀበለው ባፈር ወደ ተራው መጀመሪያ እንዲመለስ፣ ይህም በዝርዝሩ ቁልፍ ሥር እንዲፈጸም አደረጉ፡፡ ከዚያ በኋላ አንድ ባፈር ወይ በተራው፣ ወይ በባዶዎቹ ዝርዝር፣ ወይም ማጽጃው ሊያየው በማይችለው በላኪው እጅ ብቻ ይገኛል፡፡ አራተኛ ቦታ የለም፡፡

በዚያው ማስተካከያ ድራይቨሩ ለራሱ የሠራው ዝርዝር ቀርቶ ከርነሉ ለሁሉም ያዘጋጀው ዝርዝር ተተካ፡፡ ይህ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ የከርነሉ ዝርዝር የመመርመሪያ አማራጭ ሲከፈትለት የጎረቤቶቹን ጠቋሚዎች ያመሳክራል፤ አንድን ነገር እዚያው ላይ ደግሞ መጨመርን ያህል ግልጽ ስህተት ሲያይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፡፡ ከዝርዝር የወጣውን ነገር ጠቋሚዎችም ሆን ብሎ በማይሠራ አድራሻ ይተካቸዋል፤ በአሮጌው አድራሻ የሚሄድ ኮድ ወዲያው ወድቆ ይታያል፡፡ በቤት የተሠራ ዝርዝር እነዚህ ጠባቂዎች የሉትም፤ ሲሳሳት ዝም ብሎ ይሳሳታል፡፡ ፓች ውስጥ አዲስ «የራሴ ዝርዝር» ያየ ፈታሽ ለምን እንዳስፈለገ ቢጠይቅ መብቱ ነው፡፡

ሌሎችም የሚያታልሉ ነገሮች አሉ፡፡ ከርነሉ ዝርዝርን ለመዞር ከሚሰጣቸው መንገዶች አንዱ በስሙ ላይ «ሴፍ» የሚል ቃል አለው፡፡ ደህንነቱ ግን እየዞረ ያለው ሥራ ራሱ የቆመበትን አባል ሲያወጣ ብቻ ነው፤ ቀጣዩን አባል ሌላ ሥራ መጥቶ ቢያወጣው አያድንም፡፡ በስሙ ተማምነው ቁልፉን የሚተዉ ፓቾች ጥቂት አይደሉም፡፡ እንደዚሁም ከዝርዝር ማውጣትና ሜሞሪውን ማስለቀቅ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፡፡ አር-ሲ-ዩ በሚባለው ዘዴ አንባቢዎች ያለ ቁልፍ ዝርዝሩን ስለሚያነቡ፣ አባሉ ከዝርዝሩ ከወጣም በኋላ የተወሰኑ አንባቢዎች ገና በላዩ ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል፡፡ እነሱ እስኪጨርሱ ሳይጠብቅ የሚያስለቅቅ ፓች መቀበል የለበትም፡፡

ፖፖቭ ስህተቱ ላይ የደረሱት በንባብ አልነበረም፡፡ ሲዝኮለር የተባለው፣ በጎግል መሐንዲሶች የተሠራው መሣሪያ ለከርነሉ የተዘበራረቁ ትእዛዞችን ያለማቋረጥ እየላከ ሲፈትን አንድ ውድቀት አስመዘገበ፤ እሳቸው ምክንያቱን ተከታትለው አገኙ፡፡ ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ተጠናክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኬሲሳን የሚባል፣ ሁለት ሥራዎች አንድን መረጃ ያለ ስምምነት ሲነኩ የሚጠቁም መርማሪ በከርነሉ ውስጥ ተካቷል፡፡ ጠቃሚ ናቸው፡፡ ሆኖም የሚያዩት የተሄደበትን መንገድ ብቻ ነው፡፡ ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነባቸው በእነዚያ ሰባት ዓመታት እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ አልፎ ይሆናል፤ ክፍት መሆን ከመነበብ ጋር አንድ አይደለም፡፡

በሥራ ላይ ያሉ ሰርቨሮችን ለሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች፣ ማስተካከያው እ.ኤ.አ. በ2017 በየሥርጭቶቹ ስለተላለፈ ከዚያ ወዲህ የታደሰ ከርነል በዚህ ስህተት አይጠቃም፡፡ ሳይታደስ የቆየ አሮጌ ሰርቨር ያላቸው ድራይቨሩ እንዳይጫን በሲስተሙ ማዋቀሪያ ፋይል ማገድ ይችላሉ፤ ሲሪያል መስመርን በዚህ ዘዴ የሚጠቀም ድርጅት ካልሆነ በቀር እገዳው የሚያስተጓጉለው ሥራ አይኖርም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በተራ ተጠቃሚ ጥሪ እንዲህ ያሉ ድራይቨሮች በራሳቸው እንዳይጫኑ የሚከለክል አማራጭ በከርነሉ ውስጥ ተጨምሯል፡፡